የተሳሳተ መስመር

ጣርማበር ጫፍ ነበርኩ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቼ፣
ፒንሳዬን በጥርሴ፣ ጉሙን በግንባሬ ገፍቼ።
አመሻሽ ወርጄ ደብረ ሲና ገባሁ፤
እራቴን በላሁ፤ እንደ ሰው ተኛሁ።
ሲነጋ
የተጉመጠመጥኩት ውሃ በግራ ፈሰሰ፤
ሸሚዜ ራሰ።
መስተዋት ፊት ቆምኩ። ቀኙ እኔው ነኝ፤
ግራው መብራት የሄደበት ሰፈር መሰለኝ።

«ምች ነው» አሉ፤ ዳማከሴ አሹልኝ።
«የሸዋንግዛው እርግማን ነው» ያሉም ነበሩ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳይሰማኝ።
ደብረ ብርሃን ያለው ወጣት ሐኪም ግን
ቅንድብህን አንሣ አለኝ፣ ጉንጭህን ንፋ፤
«ነርቭ ነው» አለ፣ «አትሥጋ፣ ተስፋህ አይጥፋ፤
ብዙው ሰው ይድናል።
ጥቂቱ ላይ ግን፣ ሲያቆጠቁጥ፣ መንገድ ይስታል።»

እኔ ከጥቂቱ ነኝ።
በአምስተኛው ወር ጉንጬ ሲላወስ ወይንእሸት እልል አለች፤
ቆይታ ግን፣ ዓይኔን ስታይ፣ እልልታዋን ዋጠች።
መብራቱ መጥቷል፤
የበራው ግን ሌላ ቤት ሆኗል።

ሠላሳ ዓመት ሽቦ የዘረጋሁ ሰው ይህ አይጠፋኝም፦
ማዕበል የበጠሰውን ተለማማጅ በጨለማ ሲቀጥል፣
የቄሱን ማብሪያ ሲጫኑ የጠጅ ቤቱ አምፖል ቦግ ይላል።
እንዲያ ሆኛለሁ። ልስቅ ስል ግራ ዓይኔ ይከደናል።
መናኸሪያ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ
«ጋሼ! በዚህ ዕድሜ!» አለችኝ፣ የጠቀስኳት መስሏት።
ላስረዳት ፈገግ ብል፣
ደግሜ ጠቀስኳት።

«ቀስ ብለህ ሣቅ» ብሎኛል ሐኪሙ፣
«መስተዋት ፊት፣ በቀን ሦስቴ፣
ዓይንህ ሳይከተል፣ አፍህን ብቻ።»
የጎረቤት ልጆች በመስኮት ሲያዩኝ
ሽማግሌው ከራሱ ጋር ይጠቃቀሳል።

ክረምት ሲገባ ጉንጬ እንደተወጠረ ሽቦ ይስበኛል።
ማታ ደግሞ፣ ስለምነው፣ ያው ዓይን አልከደን ይላል፤
ደርቆ፣ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረኛል።
ወይንእሸት ቅባት ጨምራ በፕላስተር ታሽገዋለች፤
«የቆጣሪ ማኅተም ነው፣ እንዳትነካው» ትላለች።

የባሰው ገበታ ላይ ነው።
ለምራቅ የተላከው ትእዛዝ ዕንባ ቤት ይገባል፤
ስጎርስ፣ ግራ ዓይኔ ያለቅሳል።
ጎመን ነው፣ በሶ ነው፣ አይመርጥም፤
ቀኙ ዝም።

ከሸዋንግዛው ጋር አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም።
የልጁ ሰርግ ዋዜማ መስመሩን ቆረጥኩበት፤
ሦስት ወር አልከፈለም፤ ደንብ ደንብ ነው አልኩት።
ሙሽራዋ በፋኖስ ወጣች።
«ፊትህ ይዙር!» አለኝ፣ ከምሰሶው ሥር ቆሞ።
ዘንድሮ ሞተ፣ እሱ ቀድሞ።

ሣልስቱ ላይ ሄድኩ፣ የዕድሩን ቅጣት ፈርቼ፤
ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ።
ንፍሮ ቀረበ። አንድ ጭብጥ ቃምኩ።
የግራው ወረደ።
እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሃል አየችኝ፤
ተነሥታ መጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጉንጬን ጠረገችኝ፤
«ለካ ሆድህ እንዲህ ነበር» አለችኝ።

ልነግራት ነበር፦ ነርቭ ነው፣ መስመር ስቶ ነው፣ ንፍሮው ነው።
አፌን ስከፍት ዓይኔ ተከደነ፤
ለእሷ ይህም ሐዘን ሆነ።
ዝም አልኩ።
ሌላ ጭብጥ ንፍሮ ቃምኩ።

ማታ ወይንእሸት ፕላስተሯን ስትቀድ
«ቅላቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ንፍሮ» አልኳት።
በአውራ ጣቷ ቀኙን ዳበሰችው፣ ደኅናውን።
«ይሄኛውስ?»
ማብሪያውን ተጫንኩ።
አምፖሉ ጠፋ፣ እንደ ደንቡ።